ገበያ ያቆማት ከተማ፤ ሉድሎና ገጠሯ

ሉድሎ በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሻየር አውራጃ፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም ሳትርቅ በአንድ ጉብታ ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። ነዋሪዋ አሥር ሺህ ገደማ ነው። ቲም የተባለው ወንዝ ጉብታውን ከምዕራብና ከደቡብ ታክኮት ያልፋል። ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ቀድመው የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በምዕራቡ ጫፍ ጣሪያው የተገፈፈ የድንጋይ ግንብ፣ መሀል ላይ ደግሞ የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ማማ። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣውም ለእነዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሹማምንቱ ግንቡን ትተውት ከሄዱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከተማዋን እስከ ዛሬ ያቆያት በግንቡና በማማው መካከል የሚውለው ገበያ ነው። ሉድሎን አጥርቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ከገበያው ቢጀምር ይሻለዋል።

በእንግሊዝ “የገበያ ከተማ” መባል እንዲሁ የሚሰጥ ስም አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ባላባት ሁሉ ደስ ባለው ሥፍራ ገበያ ላቁም ቢል አይሆንለትም፤ የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን ያገኘ ባላባት ከሻጩ የመደብ ኪራይ፣ ከሚገባው ዕቃ ቀረጥ ይሰበስባል፤ በምላሹ ሚዛንና ስፍር እንዳይጭበረበር መቆጣጠር፣ ጠብ ሲነሣም ዳኛ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። የገበያው ችሎት መጠሪያ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “አቧራ የለበሱ እግሮች” ማለት ነው። ተከራካሪዎቹ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ስለሆኑ ቀጠሮ ሊጠብቁ አይችሉም፤ ጉዳያቸው የመንገዱን አቧራ ከእግራቸው ሳያራግፉ ተሰምቶ እዚያው ይቆረጥላቸው ነበር።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው የሕግ ሊቅ በሄንሪ ብራክተን ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ገበያዎች ምን ያህል መራራቅ እንዳለባቸው ያሰላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሌቱ ቀላል ነው። ሰው በቀን 20 ማይል ይጓዛል፤ ቀኑ ለሦስት ይከፈላል፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመገበያያ፣ የቀረው ሲሶ ሳይመሽ ቤት ለመግቢያ። ስለዚህ አዲስ ገበያ ከነባሩ በ6 ማይል ከሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ከተተከለ ነባሩን ይጎዳል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። የእንግሊዝን ገጠር በካርታ የሚመለከት ሰው ትንንሾቹ ከተሞች እርስ በርስ የአንድ ቀን መንገድ ሲሶ ያህል እየተራራቁ መቀመጣቸውን ሲያይ፣ ከኋላቸው ያለው የእግረኛና የጋማ ከብት ርምጃ እንደሆነ ይገባዋል።

ሉድሎ የተጠነሰሰችው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ደ ሌሲ የተባለው የመኳንንት ቤተሰብ የዌልስን ጠረፍ ለመጠበቅ እዚህ ጉብታ ላይ የድንጋይ ግንብ ሠራ። ግንብ ወታደርና ፈረስ ያኖራል፤ ወታደርና ፈረስ ደግሞ እህል ይፈልጋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከግንቡ በር ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋ ሰፊ የገበያ ጎዳና ተቀየሰ፤ ግራና ቀኙም ለሰፋሪዎች ተሸነሸነ። ሽንሽኑ ፊቱ ጠባብ፣ ጀርባው ግን ረጅም ነው። ሁሉም በሩን ወደ ገበያው ማዞር ስለሚፈልግ የፊት ለፊቱ ቦታ ተሻምቶ ተከፋፈለ፤ ጓሮው ለከብት በረት፣ ለጎመን መደብና ለዕደ ጥበብ ሥራ ቀረ። ዛሬም ከሱቆቹ በአንዱ የገባ ሰው ከፊት ጥቂት ርምጃ ብቻ የነበረው ቤት ወደ ውስጥ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሲሄድ ያያል።

ሰፊው ጎዳና ግን እንደ ሰፋ አልቆየም። ነጋዴዎች መጀመሪያ በገበያ ቀን ብቻ የሚተከል ዳስ ነበራቸው። ማታ ማታ ማንሣቱ ሰለቻቸውና ዳሱ ቆሞ አደረ፤ ከዚያ ጣሪያ ወጣለት፤ ከዚያም ከላዩ መኖሪያ ተሠራበት። እንዲህ እንዲህ እያለ የጎዳናው መሀል በቤት ተሞልቶ፣ አንዱ ሰፊ መንገድ ወደ ጠባብ መተላለፊያዎች ተለወጠ። ከግንቡ አደባባይ ወደ ቡል ሪንግ በሚወስዱት በእነዚህ መተላለፊያዎች መሀል የሚያልፍ ጎብኚ በአንድ ጥንታዊ ገበያ ሆድ ውስጥ እየተራመደ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያሉት ሱቆች የዚያን ዘመን ዳሶች ቦታ የያዙ ናቸው። ከሉድሎ ዕይታዎች ሁሉ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ወደ ግንቡ ሲቻኮል ሳያስተውለው ያልፋል።

ገበያው ዛሬም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ይውላል። በዚህ አደባባይ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተሠራ ትልቅ የቀይ ጡብ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ቆሞ ነበር። በ1986 ሲፈርስ ሜዳው ተመልሶ ለድንኳኖቹ ክፍት ሆነ። አይብ፣ ዳቦ፣ አትክልት፣ የአበባ ችግኝ፣ አሮጌ መጻሕፍትና የቤት ዕቃ ይሸጥበታል። ከአደባባዩ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፣ በ1740ዎቹ የተሠራው በተርክሮስ የተባለ ባለ ዓምድ ሕንፃ ይገኛል፤ ስሙ እንደሚያመለክተው የገጠር ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልለው የሚሸጡት ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ ነበር።

ከበተርክሮስ ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርደው ብሮድ ስትሪት በእንግሊዝ ካሉ መንገዶች ሁሉ ውብ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሙገሳውም ይገባዋል። መጨረሻው ላይ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ሰባት በሮች በደህና የቀረው ብሮድ ጌት ቆሟል። ሁለት ክብ የድንጋይ ማማዎች ቅስቱን ግራና ቀኝ ይዘውታል፤ ከላዩ ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ተሠርቶበት መኪና በሥሩ ያልፋል። በጎዳናው ላይ የተደረደሩት ቤቶች ባለ ቀይ ጡብና ባለ ነጭ መስኮት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ይመስላሉ። እውነቱ ግን በጎን በኩል ይታወቃል። በአንዳንዶቹ መተላለፊያ ገባ ብሎ ግድግዳቸውን ያየ ሰው፣ ከጡቡ ፊት በስተጀርባ የጠቆረ የኦክ ምሰሶና በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ ያገኛል። ባለቤቶቹ ዘመናዊ መምሰል ሲፈልጉ ቤቱን አላፈረሱም፤ አዲስ ፊት አለበሱት እንጂ።

አሮጌውን አሠራር ሳይሸፈን ለማየት ቡል ሪንግ ወዳለው ፌዘርስ ሆቴል መሄድ ነው። ቤቱን በ1619 ያሠራው ሪስ ጆንስ የተባለ ነገረ ፈጅ ነበር። ፊቱ በሙሉ እርስ በርስ የተጠላለፈ የተቀረጸ እንጨት ነው፤ እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው ወደ ጎዳናው ገፋ ብሎ ይወጣል። ያ ሁሉ ቅርጽ ለጌጥ ብቻ አልተሠራም። ነገረ ፈጁ በደንበኞቹ ዓይን ባለጸጋ ሆኖ መታየት ነበረበት፤ በዚያ ዘመን ባለጉዳይ ከየአውራጃው ወደ ሉድሎ ይጎርፍ ነበርና። የጎረፈበት ምክንያት ከግንቡ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ግንቡ ከደ ሌሲዎች ወደ ሞርቲመር ቤተሰብ፣ ከዚያም ወደ ዮርክ መስፍኖች እጅ ገባ። በጥቅምት 1459፣ የዘውድ ሽኩቻው በተፋፋመበት ወቅት፣ የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ ከከተማዋ ሥር ባለው በሉድፎርድ ድልድይ አጠገብ ጦሩን አሰልፎ ነበር። ሌሊቱን ከካሌ የመጡት ወታደሮቹ ከድተው ወደ ንጉሡ ስለተሻገሩ መስፍኑ በጨለማ ሸሸ። በማግስቱ የንጉሡ ጦር ከተማዋን ዘረፈ፤ የመስፍኑ ባለቤት ሴሲሊ ልጆቿን ይዛ በገበያው መስቀል ሥር ቆማ ጠበቀቻቸው ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጇ ኤድዋርድ አራተኛ ተብሎ ነገሠ፤ የበኩር ልጁንም እንዲያድግ ወደ ሉድሎ ላከው። ያ ልጅ በሚያዝያ 1483 አባቱ መሞቱን የሰማው እዚህ ነው። ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። ለንደን ሄደ፤ ዘውድ ሳይደፋም ከታናሽ ወንድሙ ጋር በለንደን ግንብ ውስጥ ደብዛው ጠፋ።

የዌልስንና የጠረፉን አውራጃዎች የሚያስተዳድረው ጉባኤ መቀመጫው ይህ ግንብ ሆነ፤ ችሎትም ስለነበረው ባለጉዳይ፣ ነገረ ፈጅና ጸሐፊ ከተማዋን ሞላት። የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ አልጋ ወራሽ አርተር በኅዳር 1501 የስፔኗን ልዕልት ካትሪንን አግብቶ ወደ ሉድሎ ይዟት መጣ። ሙሽሮቹ ክረምቱን እዚህ አሳለፉ። ሚያዝያ 2 ቀን 1502 አርተር በ15 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ዉስተር ካቴድራል ሲጓዝ ዝናቡና ጭቃው ከመክፋቱ የተነሣ ሠረገላውን በበሬ መጎተት ግድ ሆኖ ነበር። ካትሪን በ1509 የሟቹን ወንድም ሄንሪ ስምንተኛን አገባች፤ ኋላ ንጉሡ ጋብቻውን ለማፍረስ ሲል ከሮም ተለይቶ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ለብቻዋ አቆመ። የአንድ አገር የሃይማኖት ታሪክ የታጠፈው በዚህ ጉብታ ላይ በሞተ አንድ ወጣት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1634 ጆን ሚልተን ኮመስ የተባለውን ተውኔቱን የጻፈው ለዚህ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ጨዋታው በግንቡ አዳራሽ ሲታይ የፕሬዚዳንቱ ልጆች ራሳቸው ተውነውበታል። ጉባኤው በ1689 ሲፈርስ የግንቡም ዕድሜ አከተመ። የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ፤ ዝናብ ገባ፤ ወለሉ ወደቀ። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው ሰማይ የሚታይባቸው አዳራሾች፣ ግድግዳው መሀል ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ የእሳት ማንደጃዎች፣ እንዲሁም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ክብ ጸሎት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ክብ ጸሎት ቤት በእንግሊዝ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ የቅስቱን ጥርስ መሰል ቅርጽ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

ችሎቱ ሲሄድ ሉድሎ አልሞተችም። ገበያው ነበራት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ የተሰማሩበት የጓንት ስፌት ነበራት።

የቅዱስ ሎረንስን ቤተ ክርስቲያን ያገዘፈውም የንጉሥ ገንዘብ አይደለም፤ የነጋዴዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በአንድ በኩል ማኅበር፣ በሌላ በኩል እድር ነበር ማለት ይቻላል። አባሉ በሕይወት ሳለ ቢዘረፍ ወይም ቢደኸይ ይረዳዋል፤ ሲሞት ካህን ቀጥሮ ጸሎት ያስደርግለታል። ስሙ ከዘንባባ የተገኘ ነው፤ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የተመለሱ ምእመናን ዘንባባ ይዘው ስለሚመጡ በዚያ ስም ይጠሩ ነበርና። በቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ዮሐንስ ክፍል ያለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ቀለም መስኮት የማኅበሩን ትውፊት ይተርካል። ከኖርማኖች በፊት የነገሠው ቅዱስ ኤድዋርድ ለአንድ ለማኝ ቀለበቱን ይሰጣል፤ ለማኙ ወንጌላዊው ዮሐንስ ኖሮ፣ ቀለበቱን በቅድስት ሀገር ላገኛቸው የሉድሎ ተሳላሚዎች አስረክቦ ለንጉሡ ይመልስለታል። ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝመው ማማ የተሠራውም በዚያው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወደ 200 የሚሆኑ ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃዎችን የወጣ ሰው ከተማዋን፣ ወንዙንና ከዚያ ወዲያ ያሉትን ኮረብታዎች ባንድ ጊዜ ያያል።

በዘማሪዎቹ ቦታ የሚገኙት 28 ተጣጣፊ መቀመጫዎች ግን ከማማው ይልቅ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። መቀመጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሥሩ ትንሽ የእንጨት እርከን ብቅ ይላል፤ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙት ካህናት ተቀመጡ ሳይባሉ ጀርባቸውን ያሳርፉበት ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመቋሚያን አገልግሎት ማስታወሱ ይበቃል። ከእርከኑ ሥር የእንጨት ጠራቢዎች ያሻቸውን ቀርጸዋል። በአንደኛው ላይ አንዲት ቢራ ጠማቂ ሴት አለች። ሰይጣን እግሯን ይዞ ትከሻው ላይ ዘቅዝቆ ተሸክሟታል፤ እሷ ግን ደንበኞቿን ያጭበረበረችበትን ጣሳ አሁንም ከእጇ አልለቀቀችም። አንዱ ሰይጣን ባግፓይፕ የተባለውን ባለ ከረጢት ዋሽንት ይነፋል፣ ሌላው የኃጢአቷን ዝርዝር ከጥቅልል ያነብባል፤ የሲኦል አፍም ተከፍቶ ይጠብቃታል። ጣሳው ስፍር የጎደለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከገበያው ጥቂት ርምጃ ብቻ ስለሚርቅ፣ ቅርጹ ለማን እንደተሠራ ማንም አይስተውም።

ከግንቡ በስተጀርባ ዲናም ድልድይን ተሻግሮ ሽቅብ የወጣ ሰው ዊትክሊፍ ይደርሳል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የከተማው ሕዝብ የጋራ መሬት ነው፤ ከብት ያሰማሩበት፣ ማገዶ የለቀሙበት፣ ድንጋይ የፈለጡበት። ከተማዋን ከእነ ግንቧ አንድ ላይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከእግር ሥር ያለው አለትም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ሮደሪክ መርቺሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ የሥነ ምድር ሊቅ በ1830ዎቹ የዚህን አካባቢ አለቶች ደርድሮ አጥንቷል፤ ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከ427 እስከ 423 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረውን ጊዜ “ሉድሎ” ብለው ይጠሩታል። ያን ጊዜ ቦታው ባሕር ነበር። በሉድፎርድ መንገድ ዳር የሚታየው ስስ የአለት ንጣፍ በጥንታዊ ዓሦች ቅርፊትና አጥንት ስብርባሪ የተሞላ ነው። ከዚያው አካባቢ ከተገኙት ቅሪቶች ውስጥ ደግሞ ሸረሪት መሰል ፍጥረት ይገኝበታል፤ በየብስ ላይ እንደኖሩ ከሚታወቁት እንስሳት ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው።

በእንግሊዝ ገጠር መጓዝ ለውጭ ሰው አዲስ የሚሆንበት አንድ ነገር አለ። እርሻውና ግጦሹ የግል ነው፤ እግረኛው ግን መሀሉን ሰንጥቆ ማለፍ መብቱ ነው። ሰዎች ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱባቸው የጥንት የእግር መንገዶች በሕግ ተመዝግበው ይጠበቃሉ፤ በእንግሊዝና በዌልስ ርዝመታቸው ሲደመር ከ220,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መንገዱ በአጥር ሲቋረጥ የእንጨት መወጣጫ ወይም ትንሽ በር ይኖራል። ባለ መሬቱ ማለፊያውን አይዘጋም፤ እግረኛውም በሩን ከኋላው ይዘጋል፣ ከመንገዱ ወጥቶ ሰብል አይረግጥም፣ በተለይ በጎች በሚወልዱበት በጸደይ ወራት ውሻውን በገመድ ይይዛል። በየማሳው ድንበር ያለው የቁጥቋጦ አጥር ከብት የሚያግድ፣ ወፍ የሚያስጠልል፣ በመስከረምም የዱር እንጆሪ የሚለቀምበት ነው።

ከሉድሎ በስተምሥራቅ ቲተርስቶን ክሊ የተባለው 533 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ይታያል። ጥቁር ጠንካራ ድንጋዩ ለመንገድ ሥራ ሲፈለፈል ኖሯል፤ የቆሙት የካባ ፍርስራሾች ዛሬ በጎች ይጠለሉባቸዋል። ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ በበጋም ቢሆን ወፍራም ልብስ አይጎዳም።

ምግብ የሉድሎ ሌላው ስም ነው። በ1995 የተጀመረው የምግብ ፌስቲቫል በየመስከረሙ በግንቡ ቅጥር ውስጥ ይካሄዳል፤ የአካባቢው ሥጋ ቤቶች በቋሊማቸው የሚፎካከሩበት ውድድር ሰው በብዛት የሚጠብቀው ክፍል ነው። ፌስቲቫሉ የተጀመረው የአካባቢው ገበሬና ባለሱቅ ያመረተውን እዚያው እንዲሸጥ ለማበረታታት ነበር፤ ለገበያ ከተማ የሚስማማ ሐሳብ ነው።

ከሉድሎ በስተሰሜን ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሚገኘው ስቶክሴይ ግን ጉብኝቱን የሚያሟላ ቦታ ነው። ስሙ ግንብ ይባል እንጂ የሀብታም ነጋዴ ቤት ነው። ሎረንስ ዘ ሉድሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዝ ታላላቅ የሱፍ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። የእነዚህ ኮረብታዎች በጎች ሱፍ በባሕር ማዶ ሸማኔዎች ዘንድ እጅግ ይፈለግ ስለነበር፣ ሎረንስ ለንጉሥ እስከ ማበደር የደረሰ ሀብት አፈራ። በ1291 ቤቱን እንዲያጠናክርና በግንብ ጥርስ እንዲያስጌጥ የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። በ1294 ኤድዋርድ አንደኛ ለጦርነት ገንዘብ ሲያስፈልገው በሱፍ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ ሎረንስም በነገሩ እጁ ነበረበት። ነጋዴዎቹ ቀረጡን ለበግ አርቢው የሚከፍሉትን ዋጋ በመቀነስ አካካሱት፤ አርቢው ተመረረ። በዚያው ዓመት ሎረንስ ሱፍ የጫነ መርከብ ተሳፍሮ ሲጓዝ ሰጠመ፤ በዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ይህን የፈጣሪ ፍርድ አድርጎ የመዘገበ አለ።

ቤቱ ግን ቀረ። በ1645፣ ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የፓርላማው ጦር ሲከበው ጠባቂዎቹ ሳይዋጉ እጃቸውን ስለሰጡ ከመፍረስ ዳነ። የታላቁ አዳራሽ የጣሪያ ሠረገላዎች ከሎረንስ ዘመን የቆዩ ናቸው። መሀል ላይ እሳት ይነድበት የነበረው ቦታ ዛሬም ይታያል፤ ጭስ ማውጫ ስላልነበረው ጭሱ እያበነነ ወደ ጣሪያው ይወጣ ነበር። ከውጭ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት በር ቤት ቢጫ ተቀብቶ፣ አዳምና ሔዋን ተቀርጸውበት ቆሟል። ከዚያ እስከ ክሬቨን አርምስ ባቡር ጣቢያ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ወደ ሉድሎ የሚመልሰው ባቡር አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም።